ቀን ያልተቆረጠለት መዘጋት፦ የ1967ቱ ፓርላማና የዜጋው ቅሬታ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 1 ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ከማውረዱም በላይ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን ዘጋ፤ የ1948ቱን ሕገ መንግሥትም አገደ። ድክመቱ የታወቀ ፓርላማ ሲዘጋ ዜጋው የሚያዝነው ስለ ምን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

በዚያ ፓርላማ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። የሕግ መወሰኛው አባላት የንጉሠ ነገሥቱ ተሿሚዎች ነበሩ፤ ለሕግ መምሪያ የሚወዳደርም በምርጫ ክልሉ ንብረት ሊኖረው ይገባ ነበር። አዋጁም መዘጋቱ ሕዝቡ እውነተኛ ተወካዮቹን እስኪመርጥ ድረስ ነው ስላለ፣ ለውጥ ፈላጊው በተስፋ ሊቀበለው ይችል ነበር።

ቅሬታው የሚመነጨው ከዚህ «እስኪመርጥ» ከሚለው ቃል ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤቶቹን የመበተን ሥልጣን ቢሰጥም፣ በዚያው ትእዛዝ በአራት ወር ውስጥ አዲስ ምክር ቤት እንዲተካ ያስገድድ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1 ግን ቀን አልቆረጠም። የሥራ ማቆም አድማንና ሰላማዊ ሰልፍን ስለ ከለከለም፣ ምርጫው መቼ እንደሆነ በአደባባይ የሚጠየቅበትን መንገድ አብሮ ዘጋ። የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ የተካሄደው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ያም በአንድ ፓርቲ፣ በኢሠፓ መሪነት።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወደ ቀን ቆረጣው ተመልሷል። በአንቀጽ 60 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቢበተን በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ምርጫ ይደረጋል፤ እስከዚያው ሥልጣን ላይ የሚቆየው ፓርቲ አዲስ አዋጅ ማውጣትም ሆነ ነባሩን መሻር አይችልም።

የጊዜ ገደብ ዋጋ ለሐዋሳ፣ ለመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎች የሲዳማ ክልልነት ጥያቄ በአንቀጽ 47 የተሰጠው የአንድ ዓመት ገደብ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. እንደሚሞላ ቆጥረው ነበር። ቀኑ ያለ ሕዝበ ውሳኔ ሲያልፍ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ገደቡ ሰላምን ባያረጋግጥም፣ ዜጋው ጊዜው አልፏል ብሎ በሕግ ቃል እንዲሟገት አስችሎታል። በ1967 የነበረው ዜጋ ያጣው ይህንኑ መሟገቻ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤት «ለጊዜው» ተዘጋ ሲባል፣ አጥኚው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጊዜው መቼ እንደሚያበቃና ማብቃቱን ማን ሊያስገድድ እንደሚችል ነው።