ሙቀትን የሚያስቀምጥ ግድግዳ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። በኋላ ሰፈሩን ከሞሉት የጭቃ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. ፈረሱ። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ በቀስ ይመልሳል፤ ቆርቆሮው ግን ይህ ጠባይ የለውም።

ስስ ግድግዳም ይህን ይችል ዘንድ ሊቃውንት በልስኑ ውስጥ የሻማ ሰም ወገን የሆነውን ፓራፊን ይጨምራሉ። በረዶ እየቀለጠ ሳለ ቢያሞቁት ከ0 ዲግሪ ፈቀቅ እንደማይል ሁሉ፣ ሰሙም ሙቀቱን ለመቅለጫው ያውለዋል፤ ሲረጋ መልሶ ይሰጣል። 1 ኪሎ ፓራፊን ሲቀልጥ 200 ኪሎ ጁል ያህል ይይዛል፤ 1 ኪሎ ደረቅ ጭቃ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የሚይዘው ግን 10 ያህል ብቻ ነው።

ሰሙ የሚመረጠው እንደ አገሩ አየር ነው። ለአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ግድም የሚቀልጠው ይስማማል፤ በ28 ዲግሪ የሚቀልጠው እዚህ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ረጋ ይከርማል።