የእናት ሣጥን ውስጥ ያለው ብር የማን ነው?



የዛሬው ርዕሳችን ከቤታችሁ የራቀ አይደለም። ቢቸናም ሆነ ሞጣ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ባሉበት ቤት ሣጥኑ ቢከፈት ጠገራ ብር፣ ድሪ፣ አምባር ወይም አልቦ ሊገኝ ይችላል።

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ብር ይህንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ «1780 ይላልና ጥንታዊ ነው» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ አትደነቁ፤ ቁጥሩ ዕድሜውን አይናገርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጊቤ አገር ተነስተው በጎጃሙ ባሶ ገበያ አልፈው እስከ ጎንደርና ምፅዋ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ የሚገበያዩትም በዚህ ብር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ሕዝቡ የለመደውን አልተወም። የወረቀት ገንዘብ በ1937 ዓ.ም. ሲወጣ ነው ከገበያ እየራቀ የሄደው።

ከገበያ ቢርቅም ከቤት አልወጣም። አንጥረኛው እያቀለጠ ድሪና አምባር ሠራበት፤ ሌላውም እንዳለ ተቀመጠ። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባል ሲቸግረው ሚስቱን ሳያስፈቅድ ይሸጠዋል። አባት ሲሞት ደግሞ ልጆች ሣጥኑን ከፍተው ከውርሱ ጋር ደምረው ይካፈሉታል። ያ ብር ለእናት በመህር የተሰጠ ከሆነ ግን የእርሷ ብቻ ነው፤ ከሟች ንብረት አይቆጠርም። ሱረቱ ኒሳእ አራተኛው አንቀጽ መህር ለሴቶቹ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ባል ከእርሱ የሚበላው እርሷ በፈቃዷ ስትለቅለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለአንድ ድሃ ሰው ለመህር የብረት ቀለበትም ቢሆን እንዲፈልግ ነግረውታል። የብረት ቀለበት እንኳ ለሴቲቱ መብት ከሆነ፣ የብሩን ድሪ «የቤታችን ነው» ብሎ መውሰድ ከየት መጣ?

የራሷ ከሆነ ዘካውም በእርሷ ላይ ነው። አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ ግን 23.4 ግራም አካባቢ ነው። የብር ኒሳብ 595 ግራም ተደርጎ ሲሰላ 25ቱ አይሞላም፣ 26ቱ ይሞላል። ሌላ ብርና ገንዘብ የሌላት እናት እነዚህ 26 ዓመት ከዞረባቸው የምታወጣው ከአርባ አንድ እጅ፣ ማለትም 15 ግራም ያህል ነው፤ አንድ ጠገራ እንኳ አይሞላም። ለምትለብሰው ጌጥ ሐነፊዮች ዘካ አለበት ሲሉ ሻፊዒዮች የለበትም ይላሉ፤ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። አንጥረኛው ሌላ ማዕድን ቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል ጌጡን ከመመዘን በፊት ንጹሕነቱን ማስፈተሽ ያስፈልጋል።

እናት በሕይወት ሳለች የትኛው የመህሯ፣ የትኛው ከአባቷ የወረሰችው፣ የትኛው በአደራ የተቀመጠ እንደሆነ ጠይቋትና በሁለት ምስክር ፊት ጻፉት።