አመድም ባለቤት አለው

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋዎች በድንጋይ የታነጹ ቤቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ጣሪያው ሣር የሆነ አንድ ቤት በሌሊት ተቃጠለ እንበል። ሲነጋ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው ግን ወድቆ ወለሉን በአመድ ሸፍኖታል። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ ፍርስራሽ መዝገብ ጭምር ነው። ድንጋይ አይነድምና ጢስ ያጠቆረውንና ኃይለኛ ሙቀት ያነጣውን ቦታ ለይቶ ያቆያል። ነበልባልና ትኩስ ጋዝ ወደ ላይ እየሰፉ ስለሚወጡ፣ ብዙ ጊዜ በግድግዳው ላይ ጫፉ ወደ ታች የሆነ የሦስት ማዕዘን ምልክት ይተዋሉ፤ ጫፉም እሳቱ የተነሣበትን አካባቢ ይጠቁማል። የወደቀው ሣር የሸፈነው ወለል ደግሞ ንብርብሩ ተራ በተራ እየተነሣ መታየት አለበት።

የዚህ መዝገብ ዕድሜ ግን አጭር ነው። ለእርዳታ የመጣው ጎረቤት ይረግጠዋል፤ ውኃ ያጥበዋል። ቤንዚን ተርከፍክፎ ከነበረም ቅሪቱ በየሰዓቱ ይተናል። ናሙናው በፌስታል ቢቋጠር እንኳ ተኑ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ንጹሕ ቆርቆሮ ያስፈልገዋል። መርማሪው ሊቸኩል ይገባዋል ማለት ነው። ታዲያ በማን ፈቃድ ይግባ?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው መኖሪያ ቤትና ንብረት ያለ አግባብ እንዳይበረበር ይጠብቃል። ቤቱ ስለ ተቃጠለ ይህ መብት አብሮ አይቃጠልም። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ለብርበራ በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ በቀር ብርበራው የሚፈጸመው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ያለ ትእዛዝ መግባት የሚቻለው በጠባብ በር ነው፦ ወንጀሉ ከሦስት ዓመት በላይ የሚያሳስር ሲሆንና ትእዛዝ እስኪመጣ ማስረጃው ከስፍራው ይነሣል ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመን። ይህ ድንጋጌ በሰው እጅ የሚሸሸግ ዕቃን አስቦ የተጻፈ ይመስለናል። ማንም ሳይነካው የሚተን ማስረጃ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ይኸው ጥያቄ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1970 በሚሺጋን ግዛት አንድ የቤት ዕቃ መደብር በእኩለ ሌሊት ገደማ ነደደ። መርማሪዎቹ ጢሱና እንፋሎቱ ስላላሠራቸው ሊነጋጋ ሲል ሄዱ፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም ተመልሰው ማስረጃ ሰበሰቡ። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ እንደገና ገቡ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰጠው ውሳኔ፣ እሳት ለማጥፋት የገባ ሰው ምክንያቱን ለማጣራት ለተገቢ ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል፣ የማለዳውም መመለስ የሌሊቱ ሥራ ቅጥያ እንደ ሆነ ተቀበለ። ከሳምንታት በኋላ ያለ ትእዛዝ የተገኘውን ማስረጃ ግን አልተቀበለም። ሰዓቱን የለካው በአመዱ ተፈጥሮ ነውና ውሳኔውን እንወደዋለን።

ሌላው ችግር የጥያቄው ዓይነት ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. በለንደን ሂትሮው ቆሞ የነበረ፣ ሰው ያልተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ከጭራው አጠገብ ጣሪያው ላይ ተቃጠለ። የብሪታንያ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች ነገሩን እስከ አንድ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማሰራጫ ባትሪ ድረስ ተከታተሉት፤ በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው የታሰሩ ሽቦዎች የፈጠሩት የኤሌክትሪክ አጭር ዙር ሊቲየም ባትሪውን ለቃጠሎ ሳያበቃው እንዳልቀረ ደመደሙ። እነዚህ መርማሪዎች ሰፊ ሥልጣን ቢኖራቸውም፣ የሥራቸው ዓላማ አደጋው እንዳይደገም ማድረግ እንጂ ጥፋተኛ መፈለግ አይደለም። በዋግ ኽምራ ለነደደ ቤት ግን «ምን አቃጠለው?» እና «ማን አቃጠለው?» የሚሉትን በአብዛኛው የሚጠይቀው ያው ፖሊስ ነው። የወንጀል ሕጋችን ሌሎችን ለአደጋ ለማጋለጥ አስቦ የገዛ ንብረቱን ያቃጠለንም ስለሚቀጣ፣ ሽቦ በእጁ የቀጠለ ባለቤት እውነቱን ለመናገር ቢፈራ አይፈረድበትም። ዝም የማለት መብትም አለው፤ በዝምታው ግን ጎረቤቱ ከዚያ ሽቦ ሳይማር ይቀራል።

መርማሪው ራሱም ሊሳሳት ይችላል። በጥቃቅን ስንጥቆች የተሞላ የመስኮት መስታወት ለብዙ ዓመታት ቤንዚን ለመርከፍከፉ ምልክት ሆኖ ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከደረሰው ሰፊ ቃጠሎ በኋላ የተደረገው ጥናት ግን፣ ስንጥቁ የሚፈጠረው በጋለ መስታወት ላይ ውኃ ሲያርፍ መሆኑን አሳየ። ምልክቱን የፈጠረው እሳት አጥፊው ነበር ማለት ነው!

ፍንዳታ ሲሆን ወሰኑ ይበልጥ ይሰፋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ያልፈነዱ መሣሪያዎች ቀርተዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥልጣን ሰውን ማራቅ ነው፤ ፍለጋው ባለሙያ ስፍራውን ካጸዳ በኋላ ይመጣል። በመርማሪዎች ዘንድ የተለመደው ደንብ ከመካከሉ እጅግ ርቆ የተገኘው ስብርባሪ ያለበትን ርቀት በ1.5 ማባዛት ነው። ስብርባሪው 100 ሜትር ላይ ከተገኘ የሚከለለው ክበብ ሬዲየሱ 150 ሜትር፣ ስፋቱም 7 ሄክታር ያህል ይሆናል። በዋግ እርከኖች ላይ ይህ የበርካታ ገበሬዎች ማሳ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ እንኳ የተጠረጠረ ላይሆን ይችላል።