የልብ ትርታ መስማት ብቻ አይበቃም

ነፍሰ ጡር እናት የፅንሷን የልብ ትርታ ስትሰማ ትረጋጋለች። ትርታው ግን ፅንሱ በዚያች ደቂቃ በሕይወት መኖሩን እንጂ የሚያስፈልገውን ደም በበቂ ሁኔታ ማግኘቱን አይናገርም። ዶፕለር አልትራሳውንድ ሕይወት የሚያተርፈው ልብን በማሰማቱ ሳይሆን በእትብት ውስጥ የሚያልፈውን ደም በመለካቱ ነው። መሣሪያው የሚልከው ድምፅ በሚንቀሳቀሱ የደም ሕዋሳት ላይ አርፎ ሲመለስ ቅጥነቱ ይለወጣል፤ ከለውጡም የደሙ አካሄድ ይታወቃል። ሁለቱ የእትብት ደም ቅዳዎች የፅንሱን ደም ወደ እንግዴ ልጅ ይወስዳሉ። እንግዴ ልጁ ጤናማ ከሆነ ልብ በሁለት ምት መካከል ሲያርፍ እንኳ ደሙ ወደፊት መፍሰሱን ይቀጥላል። የእንግዴ ልጁ ደም ስሮች ሲጎዱ ግን በዚያች የዕረፍት ቅጽበት ፍሰቱ ይደክማል፣ ይቆማል፣ ሲብስም ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚያሳስበው ነገር ይህ ሁሉ እየሆነ የልብ ትርታው ደህና መስሎ ሊሰማ መቻሉ ነው። ስለዚህ የልጇ እንቅስቃሴ የቀነሰባት እናት ቤቷ ባለ ትንሽ መሣሪያ ትርታ ሰምታ መዘናጋት የለባትም፤ ፈጥና ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

ለመለካቱ ጥቅም ማስረጃ አለ፤ ጥራቱ ግን ከፍተኛ የሚባል አይደለም። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምገማ፣ እርግዝናቸው አስጊ የሆነ ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ተመዝነዋል። የእትብት ደም ፍሰት ሲለካ በወሊድ ዙሪያ የሚደርሰው የፅንስና የጨቅላ ሞት ከ1.7 በመቶ ወደ 1.2 በመቶ ዝቅ ብሏል። በቀዶ ሕክምና መውለድም ቀንሷል፤ ሐኪሙ ማንን ማዋለድ፣ ማንን መጠበቅ እንዳለበት ስለሚለይ ይመስለኛል።

እንግዲያው ለምን ለሁሉም እናት አይደረግም? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያው ለሁሉም በመደበኛነት እንዲሰጥ አልመከረም፤ ስጋት በሌላቸው እናቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ጥቅሙን አላሳዩምና። ምክንያቱን አከብራለሁ። ሆኖም በደቡብ አፍሪካ አምቢፍሎው በተሰኘ ቀላል መሣሪያ፣ ስጋት የለባቸውም የተባሉ ከ7,000 በላይ እናቶች ሲመረመሩ፣ ከ100ው ከ1 በሚበልጡት ላይ በዕረፍቱ ቅጽበት ፍሰቱ ጨርሶ ቆሞ ተገኝቷል። «ስጋት የለባትም» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ክብደት እንደሌለው ከዚህ እረዳለሁ።

ለእኛ አገር ግን ዶፕለር ብቻውን አይበቃም። የእርግዝናው ዕድሜ በቅጡ ካልታወቀ፣ ትንሽ ሆኖ የታየው ፅንስ እድገቱ ተጎድቶ ይሁን ቀኑ ተሳስቶ መለየት ይቸግራል፤ ስለዚህ ከ24 ሳምንት በፊት የሚደረገው የመጀመሪያ አልትራሳውንድ ይቀድማል። ፍሰቱ መቆሙ ከታወቀ በኋላም ለፅንሱ ሳንባ የሚሆን መርፌ፣ እናቲቱን የሚቀበል ሆስፒታልና ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን እንዲተነፍስ የሚረዳበት ክፍል ያስፈልጋል።