ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን

ጅቡቲ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በቀትር ልጅን ደጅ አታስቆምም። ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባው ጫት እኩለ ቀን ላይ ሲደርስ ደግሞ አዋቂው ወደ በርጫው ይከተታል። ለልጆች የሚተርፋቸው ቤት ውስጥ፣ ከቬንትሌተሩ ሥር ያለው ወለል ነው። የቲቪ ጌም ለእንዲህ ያለ ከተማ የተፈጠረ ይመስላል።

በቤት ቴሌቪዥን ላይ ጌም መጫወት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972፣ ራልፍ ቤር የነደፈው ማግናቮክስ ኦዲሲ ለገበያ ሲቀርብ ነው። አታሪ 2600 የወጣው በ1977፣ ጅቡቲ ነፃ አገር በሆነችበት ዓመት ነበር። በዓለም ዙሪያ በብዛት የተቀዳው ግን ኒንቴንዶ በሐምሌ 1983 ጃፓን ውስጥ በ14,800 የን መሸጥ የጀመረው ፋሚኮም ነው። ታይዋንና ቻይና ውስጥ የተሠሩ አምሳያዎቹ ኦርጅናሉ ጨርሶ ያልገባባቸውን ቤቶች ሁሉ አዳርሰዋል። ወደ እኛም የመጣው ይኸው አምሳያ ነው። ከጅቡቲ ወደብ የሚነሳ ኤሌክትሮኒክስ ድሬዳዋ «ታይዋን» የሚባለው ገበያ ደርሶ መሐል አገር የሚገባበትን መንገድ የማያውቅ የለም።

አንዱን አምሳያ ፈትቶ ያየ ሰው ይገረማል። ፕላስቲኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ውስጡ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ፣ መሐሏ ላይ የደረቀ ጥቁር የሙጫ ጠብታ። ከጠብታው ሥር የተቀበረችው ቺፕ፣ ኦርጅናሉ በተለያዩ ቺፖች የሚሠራውን ሥራ ብቻዋን ትሠራለች። ርካሽ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ኦርጅናሉም ቢሆን አቅሙ ትንሽ ነበር። የሥራ ማህደረ ትውስታው 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከስምንት በላይ ተንቀሳቃሽ ምስል ማሳየት አይችልም፤ ዘጠነኛው ይሰወራል። ፕሮግራመሮቹ ታዲያ አንዱ ምስል ለዘለቄታው እንዳይጠፋ ተራ በተራ ያሳዩአቸዋል፤ ጠላት ሲበዛ ስክሪኑ ላይ የምናየው ብልጭ ድርግም ከዚህ የመጣ ነው። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ጠቅላላ መጠኑ 40 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ ከምናነሳት አንዲት ፎቶ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ደመናውና ቁጥቋጦው እንኳ አንድ ሥዕል ናቸው፤ የተለወጠው ቀለማቸው ብቻ ነው።

እንዲህ ባለ ድህነት ውስጥ የተሠራው የሱፐር ማሪዮ የመጀመሪያ ስክሪን ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከታላላቅ የማስተማር ሥራዎች ጋር የሚቆጠር ነው። ማሪዮ ግራ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ቀኙ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ወዲያው የተቆጣ እንጉዳይ የመሰለ ፍጡር ይመጣል። ልጁ ከነካው ይሞታል፤ የከሰረው ግን ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ይዘላል። ሲዘል ራሱ ከላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሳጥን ይመታና ሳንቲም ይወጣል። መሄድ፣ መሸሽ፣ መዝለል፣ መምታት፤ ሁሉንም ተምሮ ጨረሰ፤ አንድም ቃል አላነበበም። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በሚሰሙባት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ለማንም ማስተርጎም አያስፈልገውም።

የእነዚህ ጌሞች ፍቅር የልጅነት ትዝታ ብቻ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አልስማማም። እነሱ ከወጡ ብዙ ቆይቶ የተወለደ ልጅም ጆይስቲኩን ከያዘ አይለቅም። ሕጉ ፊት ለፊት ይታያል፤ ሲሸነፍም ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል። ደግሞ ገመዱ አጭር ስለሆነ ሁለቱ ተጫዋቾች ጎን ለጎን መቀመጥ ግድ ይላቸዋል፤ የቀረው ከኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፣ ይመክራል፣ ይጮኻል፤ ልክ እንደ ጆተኒ። የዛሬው የኢንተርኔት ጌም ባላጋራን ከሩቅ ያመጣል፤ ጎረቤትን ግን ወደ ቤት አያስገባም።

የጌሙ ካሴት እንቢ ሲል በአፍ እፍ ማለት በየአገሩ ያለ ልማድ ነው። ትንፋሹ ግን አይደለም የሚያድነው፤ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው፤ የብረት ጥርሶቹ ሲፋተጉ ግንኙነቱ ይመለሳል። የትንፋሽ እርጥበት እንዲያውም ብረቱን ያዝጋል። ጨው ባዘለ የባሕር አየር ውስጥ ለሚኖር ሰው የሚበጀው አልኮል የነካ ጥጥ ነው።

እንዲህ በቀላሉ መመለሻ ያጣው ግን የዳክዬ አደን ጌሙ ሽጉጥ ነው። ምላጩ ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁራል፤ ከዚያ ዳክዬው የነበረበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ይሆናል። ሽጉጡ ምንም አይተኩስም፤ አፈሙዙ ውስጥ ያለው ዳሳሽ ያንን ብርሃን አየሁ ካለ ዳክዬው ይወድቃል። ይህ የሚሠራው ጀርባው ወፍራም በሆነው የድሮ ቲቪ ላይ ብቻ ነው። ጠፍጣፋው ስክሪን ምስሉን የሚያሳየው በጥቂቱ ዘግይቶ ስለሆነ ብርሃኑ ሽጉጡ በሚጠብቀው ቅጽበት አይደርስም። ስለዚህ ዳክዬ ማደን የሚፈልግ ሰው ከጌሙ በፊት አሮጌ ቲቪ ይፈልግ።