በሐይቅ ላይ ያለች ታንኳ በካሜራ እንዴት ትገኛለች?

ከሐይቅ ከተማ ወደ አምባሰል የሚወጣ መንገደኛ ቁልቁል ሲመለከት ውሃው እንደ መስተዋት ተዘርግቶ ይታየዋል። በላዩ ያለችው ታንኳ ግን አንድ ጊዜ ትታያለች፣ አንድ ጊዜ ትሰወራለች። እንግዲህ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳይመለስ ቢዘገይ፣ «በካሜራ አልታየም» ማለት «በውሃው ላይ የለም» ማለት ነውን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ እንመረምራለን።

በመጀመሪያ መታየትና ቅርጹ መለየት ሁለት ነገሮች መሆናቸውን እናስተውል። ጤናማ ዓይን በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ያሉትን ሁለት ነገሮች ለመለየት በመካከላቸው 3 ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልገዋል። ኮከብ ግን ለዓይናችን ከዚህ ልክ እጅግ ያነሰች ስትሆን ትታያለች፤ በጨለማ መካከል የምታበራ ናትና። ስለዚህ ትንሽ ነገር የሚገኘው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ከአካባቢው በመለየቱም ነው።

የካሜራ ሥዕል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት አንድ ነጥብ በምድር ላይ 13.75 ሜትር በ13.75 ሜትር፣ ማለት 189 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር። ርዝመቷ 4፣ ወርዷ 1 ሜትር የሆነች ታንኳ ከዚህ ውስጥ የምትይዘው 4 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ታንኳዋ ከውሃው ሦስት እጥፍ ብትደምቅ እንኳ የነጥቡ ብርሃን የሚጨምረው ከመቶ 4 ያህል ነው። የሞገዱ ብልጭታና የመሣሪያው የራሱ ሁከት ከዚህ ከበለጡ ታንኳዋ ትሰወራለች።

ስለዚህ መርማሪው የወሰን ልክ ያበጃል፤ ከዚያ በላይ የደመቀውን ነጥብ ብቻ ይይዛል። ወሰኑ ዝቅ ቢል ሞገዱና ተንሳፋፊው ሣር ታንኳ ይመስላሉ፤ ከፍ ቢል እውነተኛዋ ታንኳ ትቀራለች። ሁለት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው፣ ውሃ እጅግ ጠቁሮ በሚታይበት ኢንፍራሬድ በሚባለው ጨረር ማንሳት ነው። ሁለተኛው፣ ሥዕሎችን በተከታታይ ማንሳት ነው፤ ብልጭታ ወዲያው ይጠፋል፣ ታንኳ ግን ትቆያለች።

ቦታዋንስ እንዴት እናውቃለን? አንድ ካሜራ የሚሰጠው አቅጣጫን እንጂ ርቀትን አይደለም። ነገር ግን የሐይቁ ገጽ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ የእይታው መስመር ውሃውን የሚነካበት ቦታ በስሌት ይገኛል። ካሜራው ከውሃው በ1,000 ሜትር ከፍ ብሎ 10 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ ወደ ጎን የ1 ሜትር ስሕተት በርቀት በኩል 10 ሜትር ያህል ይሆናል። በሌላ ኮረብታ ሁለተኛ ካሜራ ቢቆም ሁለቱ መስመሮች ተቋርጠው ስሕተቱን ያሳንሳሉ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሥዕል «አለ» ሲል ማስረጃ ሊሆን ቢችልም «የለም» ሲል ግን የነጥቡ ስፋት፣ የሞገዱ ሁኔታና የወሰኑ ልክ አስቀድመው መጠየቅ እንዳለባቸው ነው። ይህ ሳይጠየቅ ፍለጋን ማቆም በሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ይሆናል።