የማሻ ሻይ ቅጠልና የኮሌራ መርዝ፤ ትርፉ የማን ነው?

የሸካ ዞን ዋና ከተማ ማሻ በገበያ ስሟ የሚነሣው በማር፣ በኮረሪማ፣ በቡናና በጨዋቃ የሻይ ልማት ነው። ከነዚህ ሸቀጦች መካከል ሻይ ቅጠል የመድኃኒት ተመራማሪዎችን ቀልብ ከሳበ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ባክቴሪያዎች ሰውን የሚጎዱት በሚያመነጩት መርዝ ነው። የኮሌራ መርዝ የአንጀት ሕዋሳት ጨውና ውሃ ያለማቋረጥ እንዲያፈሱ ያደርጋል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካቴኪን የተባሉት የሻይ ቅጠል ንጥረ ነገሮች ይህን መርዝ እንደሚያዳክሙ በእንስሳት ላይ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሐርቫርድ ተመራማሪዎች 50 ሺህ ያህል ውሕዶችን ፈትሸው ባክቴሪያው መርዙን እንዳያመርት የሚያግድ «ቪርስታቲን» የተባለ ሞለኪውል አግኝተዋል። ባክቴሪያውን ሳይገድሉ መሣሪያውን ማስጣል፣ ተህዋስያን መድኃኒት የሚላመዱበትን ፍጥነት ይቀንሳል ተብሎ ተስፋ ይደረጋል።

ታዲያ ከነዚህ አንዱም ለምን መድኃኒት ቤት አልደረሰም? አንዱ ምክንያት ሂሳቡ ነው። የኮሌራ በሽተኛ መድኃኒት የሚወስደው ለጥቂት ቀናት ሲሆን ኪሱም ባዶ ነው። ሀብታም አገርም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ሜርክ ኩባንያ ክሎስትሪድየም ዲፊሲል የተባለውን ባክቴሪያ መርዝ የሚያከሽፍ መርፌ እ.ኤ.አ. በ2016 አስፈቅዶ፣ በጥር 2025 ከገበያ አውጥቶታል።

በአገራችን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ የተነሣው ኮሌራ ወደ በርካታ ክልሎች ተዛምቷል። የታመመን ሰው የሚያድነው ፈጥኖ የሚሰጥ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም በደም ሥር የሚሰጥ ተገቢ ፈሳሽ እንጂ ስኒ ሻይ አለመሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

ለማሻ ገበሬ ዋናው ጥያቄ የድርሻ ጉዳይ ነው። ሻይ ከውጭ የመጣ ተክል በመሆኑ ከካቴኪን የሚገኝ ትርፍ ለሸካ የሚያስገኘው መብት የለም። ኮረሪማ ግን የራሳችን ነው። ነገ ከርሱ ፍቱን ሞለኪውል ቢገኝ፣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል።

አዋጅ ብቻውን ግን እንጀራ አይሆንም። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ የጥቅም ተካፋይነት ውል ብትፈርምም ያገኘችው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው የፓተንት መብት በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እንግዲህ ናሙናው ከማሻ ጫካ ከመውጣቱ በፊት ውሉን ማንበብ፣ ከወጣ በኋላ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ይረክሳል።